ሃያ አንድ ላይ ያቆምኳት ቁጥር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

የምወድሽ እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ ከየት እንደምጀምረው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በስልክ ስታወሪኝ "እሺ" እና "ደህና ነን" ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም፤ ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። ያጠፋሁት ነገር አለ። ግን መጀመሪያ ስለ ቤታችን ልንገርሽ፤ እስከዚያ ድፍረቱ ይመጣልኝ ይሆናል።

አባዬ ደህና ነው። ወገቡን ያመዋል እንጂ ሌላ የለበትም። ከድሮ መሥሪያ ቤትሽ የሰጡሽን አሮጌ ኮምፒውተር ከመኝታ ቤት አውጥተን ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አስቀምጠነዋል። መጀመሪያ አባዬ ጨርቅ ይከምርበት ነበር። አሁን ግን ጠዋት ከስፌት መኪናው በፊት እሱን ነው የምናበራው። ከመሄድሽ በፊት ስክሪኑ ላይ የደረደርሽልኝ ትናንሽ ሳጥኖች፣ ዊጄት ያልሽኝ፣ ያኔ ጌጥ ነበር የሚመስሉኝ። አሁን ሁሉም ሥራ ይዘዋል።

ቢጫዋ ማስታወሻ የደንበኞች ሆናለች። ማን ልብሱን መቼ እንደሚወስድ እጽፍባታለሁ። ያ "አሁኑኑ" የምንለው አናጢ ትዝ ይልሻል? ሱሪውን ጠዋት ሰጥቶ ከሰዓት "አለቀ?" የሚለው። ባለፈው ሲመጣ አባዬ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረለት። "ዓርብ" ይላል። ሰውየው ቆሞ አየውና፣ ድሮ አንተን ነበር የምለምነው፣ አሁን ደግሞ ሳጥን ልለምን ነው ብሎ ሳቀ።

ፎቶ የምታቀያይረዋ ሳጥን በየደቂቃው ነበር የምትቀይረው። ያንቺ ፎቶ፣ በሩ ላይ ቆመሽ የተነሳሽው፣ ሲመጣ የስፌት መኪናው ድምፅ ይቆማል። አንድ ቀን አባዬ ቀና ሳይል፣ ይቺ ፎቶ ቶሎ እንዳታልፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። አንድ ሰዓት እንድትቆይ አደረግኳት።

ሰዓቱም ሁለት ነው፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ ያንቺ። አባዬ ምሳ ሲበላ ያንቺን ያይና፣ አሁን ለምታስታምማቸው አሮጊት መድኃኒት እየሰጠች ነው ይላል። የአየሩ ሳጥን ያንቺን ከተማ ያሳያል፤ ሁልጊዜ ብርድ፣ ሁልጊዜ ዝናብ። እዚህ ፀሐይ እየጠበሰችን፣ እሱ ጃንጥላ ይዛ ወጥታ ይሆን ወይ እያለ ያስባል።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የመጨረሻዋን ሳጥን ታውቂያታለሽ። የመመለሻሽን ቀን ያስገባሽባት፣ የቀሩትን ቀናት የምትቆጥረዋ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አንድ እየቀነሰች ሠላሳ አራት ስትደርስ ነው አንቺ የደወልሽው። አሮጊቷ እንደባሰባቸው፣ ልጆቻቸው አንድ ዓመት ጨምሪልን ብለው እንደለመኑሽ፣ እሺ እንዳልሻቸው ነገርሽኝ። ከዚያ፣ "ለአባትሽ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንቺ ዝም በይ" አልሽኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለትስ እችልበታለሁ። ቁጥሯ ግን ዝም አላለችም።

አባዬ ለመምጫሽ ኮት እየሰፋልሽ ነበር። ሰማያዊ፣ ለእኛ አየር የሚሆን፣ ስስ ገበር ያለው። ሥራውን የሚከፋፍለው በዚያች ቁጥር ነበር፤ ሠላሳ ስትሆን እጅጌ፣ ሃያ አምስት ስትሆን ኮሌታ እያለ። ሳየው አላስችል አለኝ። ጠዋት እሱ የውጪውን በር እያጸዳ እያለ እኔ ቀድሜ እገባና ቀኗን እገፋታለሁ። ሁለት ቀን እተዋትና በሦስተኛው አንድ እጨምርባታለሁ። ሃያ አንድ ስትደርስ ፈራሁ፤ ይኸው ሁለት ሳምንት በየጠዋቱ አንድ እየጨመርኩ እዚያው አቁሜያታለሁ። እስክትነግሪው ብዬ ነው። አንቺም በደወልሽ ቁጥር ስለ ወገቡ ትጠይቂዋለሽ፣ እሱም ስለ ብርዱ ይጠይቅሻል፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል።

ሞኝነቴን እይልኝ። ቁጥር የደበቅኩት ከማን ነው? ከመንገዱ ማዶ የሚሄድ ሰው አይቶ የወገቡን ልክ በሴንቲሜትር ከሚናገር ሰው።

ዛሬ የምትመጪበት ቀን ነበር። ጠዋት አባዬ ፂሙን ተላጭቶ፣ ያቺን የምትወጂለትን ግራጫ ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። የት ልትሄድ ነው ስለው "የትም" አለኝ። ስፌት ቤቱን ከፍተን ገባን። ስክሪኑ ፊት ቆመ። ሃያ አንድ ይላል። ከዚያ ኮትሽን ከመስቀያው አወረደ። አልቆ ነበር፤ የቀረው ቁልፍ መትከል ብቻ ነው። ተቀመጠና ገበሩን በምላጭ መፍታት ጀመረ።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"ወፍራም ገበር ላስገባበት ነው።" የአየሩን ሳጥን በአገጩ አሳየኝ። "እዚያ እኮ ብርድ ነው።"

ጎንበስ ብዬ የተፈታውን ክር ከወለሉ ላይ መልቀም ጀመርኩ። እሱም እጁን ሳያቋርጥ፣ ቀስ ብሎ፣ "የኔ እናት፣ ያ ቁጥር የደከመው መሰለኝ። ይረፍ" አለኝ።

አልተቆጣም፣ እማዬ። አንቺንም ምንም አላለሽም። ሸሚዙን ግን ቀኑን ሙሉ አላወለቀም። ከሰዓት ያ "አሁኑኑ" መጥቶ ሠርግ አለብህ እንዴ ሲለው፣ አዎ፣ ያንተን ሱሪ ልድር ነው አለውና ሁለቱም ሳቁ።

አንቺን መውቀሴ አይደለም። ፍርሃቴ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሦስታችንም አንድ ዓይነት ሰዎች ነን።

ይህን ደብዳቤ ኮቱ አልቆ ሲላክልሽ የውስጥ ኪሱ ውስጥ አደርገዋለሁ። ስታነቢው ሁሉም ነገር አልፎ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ገና ነገ ነው። አሮጊቷን ፈጣሪ ያሽራቸው፣ አንቺንም በሰው አገር ከብርድና ከሕመም ይጠብቅሽ። ከስተሽ ኮቱ እንዳይሰፋሽ አደራ፣ በደንብ ብዪ።

ነገ ጠዋት ከአባዬ ቀድሜ አልገባም። በሩን አብሬው አጸዳለሁ፤ ከዚያ አጠገቡ ቆሜ፣ እያየኝ፣ እውነተኛውን ቀን አስገባለሁ። ሦስት መቶ ስልሳ አራት ይላል። ያንቺ ሰዓት አሮጊቷ የሚያሸልቡበትን ሲያሳይ ደግሞ እደውልልሻለሁ። ስታነሺው "ደህና ነን" አልልሽም። "እማዬ፣ አባዬ እየጠበቀሽ ነው" ብዬ ስልኩን እሰጠዋለሁ።

ልጅሽ፣
ዝምተኛዋ