የስስታሙ ሽማግሌ ጭምብል

ይድረስ ለምወድህ ወንድምጋሼ ለኤርሜስ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ኢቫናና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሜልቦርን ድረስ ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዛሬማ እፎይ ብያለሁ።

እዚህ ፓዱዋ ከተማሪዎች ጋር የጭምብል ቲያትር እንደምለማመድ ጽፌልህ ነበር። የደረሰኝ የስስታሙ ሽማግሌ ቦታ ነው። በዚህ ቲያትር ተጽፎ የሚጠና ቃል የለም፤ የትዕይንቶቹ ተራ ብቻ ከመጋረጃው ጀርባ በወረቀት ይሰቀላል፣ ንግግሩን እዚያው መድረክ ላይ ከራስህ ታፈልቃለህ። እኔ ፈሪዋ ግን በድብቅ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ስሸመድድ ከረምኩ። መምህራችን ጋስታልዶ ነቁብኝ። “እኔ የፈለግሁት ሽማግሌ ነው እንጂ በቀቀን አይደለም፣ ሰኞም ከሸመደድሽ ጭምብሉን ለሌላ እሰጣለሁ” ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲያ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ሰኞ ደረሰ። ብታምንም ባታምንም፣ አሁንም ሸምድጄ ሄድኩ። ወረቀቱን ሳየው ሽማግሌው ሴት ልጁን ሲድር ይላል፤ ምርቃቱን በልቤ እያነበነብኩ ወጣሁ። ለካስ ያ የሐሙሱ ልምምድ ወረቀት ነው፤ አውርዶ የሰኞውን የሰቀለ ሰው የለም! መድረኩ ላይ ወንድ ልጄን ሆኖ የሚጫወተው ቱሊዮ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ቆሟል። “አባዬ፣ መሄዴ ነው” አለኝ። ከሸመደድኩት አንዲት ቃል እንኳ የምትሆን ጠፋች። መምህሩ እጃቸውን አጣምረው ያዩኛል። በቃ አለቀልኝ አልኩ።

ከዚያ አፌ ራሱ ተከፈተ። “ሂድ፣ ማን ያዘህ? ግን ያን ካልሲ አውልቀህ ሂድ፣ የኔ ነው።”

ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ቱሊዮ ተቀምጦ ማውለቅ ጀመረ፤ እኔም ቀኙ ይቅደም፣ የለም ግራው ይሻላል፣ ደግሞ ቀበቶውስ የማን ነው እያልኩ አቆየሁት። መምህሩ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። ሲያበቃ “ጭምብሉ ያንቺ ነው፤ ደብተሩን ግን ወዲህ በይው” አሉኝ። ተመስገን ነው! ደስታው አስለቀሰኝ፣ ከዚያም ጥግብ ብዬ በላሁ።

አንተ መቼም ያቺን የካልሲ ቃል አትረሳትም። የሄድክ ለት አባባ በር ላይ የተናገሩህ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደተቀየምካቸው አውቃለሁ፤ እኔም ስስት ይመስለኝ ነበር። ጭምብሉን አጥልቄ ስናገራት ነው የገባኝ። ሰው እንዳይሄድብህ ስትፈልግና ቃሉ ሲጠፋህ፣ ካልሲም ቢሆን ይዘህ ታቆየዋለህ። እባክህ ጻፍላቸው።

ኢቫናን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ኒቬስንም ጥርስሽ በቀለ ወይ በልልኝ፤ ትንሹን ቤፒን እቅፍ አድርግልኝ። እማማን በጣም ናፍቀሃታል። አባባ ሰላም በይው አላሉኝም፤ ግን ደብዳቤ ከዚያ እዚህ ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጃል ብለው ጠየቁኝ።

እህትህ ኤልቪራ
ፓዱዋ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1987