ጆንያ ብቻ ያያል ያልኩት ካሜራ

እስከዳርዬ፣ ከመርካቶ፣ ከጎጃም በረንዳ ነው የምጽፍልሽ። የመጣሁት መጋዘን የሚገባውን ጆንያ የሚቆጥር ካሜራ ልሞክር ነበር። የመጋዘኑ ባለቤት እትዬ ሱሀይር፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰው አያይም?» ቢሉኝ «ጆንያ ብቻ ነው!» ብዬ ማልኩላቸው። ከሰዓት ስክሪኑን ስከፍት ግን ፊታቸው በሳጥን ተከቦ ስማቸው ተጽፎበታል። እኔ ካሜራውን ያስተማርኩት ጆንያ መለየት እንጂ ይህን አይደለም። አለቃዬን ብጠይቀው፣ «ለጥንቃቄ ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ» አለኝ። እኛ ደብረ ማርቆስ እኮ ማንነትሽን የፈለገ ሰው «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቃል። ካሜራውን ነቅዬ ለእትዬ ሱሀይር እውነቱን ነገርኳቸው። ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «አንቺስ በስልክሽ አላነሳሽኝም?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም።

ሥራዬን ለቅቄ ቅዳሜ እመጣለሁ። ለእማዬ እኔው ልንገራት። እህትሽን ሠርኬን ሳሚልኝ።

ሀኒ