በአባባ ላይ የቆለፍኩት በር

ይድረስ ለእማ፣ ለእናትዓለሜ፤

ከተለያየን ስንት ጊዜ ሆነን ልበል? ሌላው ሰው ሁሉ ሦስት ዓመትሽን ጨርሶ አራተኛውን ይዟል። እኔ መርዶሽን የሰማሁት ግን ባለፈው ጥቅምት ነው። ስለዚህ በእኔ ቆጠራ ከሞትሽ ገና ዘጠኝ ወርሽ ነው፤ ሌላው አልቅሶልሽ ሲጨርስ እኔ ጀመርኩ። ማንበብ እንደማትችይ አውቃለሁ። በደጉ ጊዜ ደብዳቤ የሚያነብልሽ ወንድሜ ይታያል ነበር፤ እሱም ደስ የማይልሽን እየዘለለ። ይህኛውን ግን ማንም እንዲያነብልሽ አልፈልግም፣ በተለይ እሱ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤሩት ስደውል ጸበል ሄዳለች፣ ተኝታለች፣ ጉሮሮዋን ዘግቷታል ይሉኝ ነበር። እኔ ቂሏም አምኜ ሹራብ ላክሁልሽ፣ ለጉልበትሽ ቅባት ላክሁልሽ፣ ለብርዱ ወፍራም ካልሲ ላክሁልሽ። ሁሉንም ከነላስቲኩ ሳጥንሽ ውስጥ አገኘሁት። የመጣሁ ለታ ከባሕር ዳር በቀጥታ ወደ ቤት ይወስዱኛል ስል መንገድ ላይ አንበሳሜ ከተማ፣ እህቴ የሺ ቤት አሳደሩኝ። ሲነጋ ቤቱ በሰው ተሞላ። እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ የመጡ መስሎኝ ፀጉሬን አስተካክዬ፣ ፈገግ ብዬ ወጣሁ። ያቺን ፈገግታዬን እስከ ዛሬ ሳስባት አፍራለሁ።

ይታያል «ባዕድ አገር ብቻሽን እንዳታለቅሺ ብለን ነው» አለኝ። ወጉ ይገባኛል፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ አቅፎ የሚያስለቅስ ሰው በሌለበት አይነገርም። ቢገባኝም ተናድጃለሁ። በሁሉም ተናድጃለሁ፣ በአንቺም ጭምር፤ ሳልደርስብሽ ስለሄድሽ።

የምጽፍልሽ ግን ልወቅስሽ አይደለም። አባባን በድያቸዋለሁ፤ ይህንንም ለመንገር ከአንቺ ሌላ ሰው አጣሁ።

መጀመሪያ ቤቱን ላውራሽ። ከጓሮ ያሉት ባሕር ዛፎች ተቆርጠዋል። የእንጨቱ በር ተነስቶ ይታያል በምትኩ የቆርቆሮ በር አስገጥሟል፤ ነፋስ ሲመጣ ሰፈሩን ሁሉ ይረብሻል። አባባ ያው እንደምታውቂያቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ትንሽ ደከመ እንጂ ከዘራቸውን ይዘው ሲራመዱ የሚቀድማቸው የለም። ምግብ ታበስልላቸው የነበረችውን ሴት የሺ በመጣሁ በሳምንቱ አሰናበተቻት። «እንኳን መጣሽ፣ ቤቱ ሰው አገኘ» ብላ ቁልፎቹን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ባሏ ሄደች። ይታያልም ወደ ገሳይ፣ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ብርቄ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ደግሞ የቤት ሥራ እንደሆነ ለምጄዋለሁ፤ ምን ይጠየቃል?

አሁን ለአንቺም ለማንም ያልነገርኩትን ስሚኝ። እዚያ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማዳም ስትወጣ በሩን ከውጭ ሁለቴ ትቆልፈዋለች። እሷ ስትገባ እኔ በረንዳ እንኳ ለመውጣት ዓይኗን አያለሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። ከሀበሻ ልጆች ጋር ባሕሩ ዳርቻ እንናፈሳለን ያልኩሽም ውሸት ነው። ባሕሩን ያየሁት በመስኮት ነው፤ እሱንም መስታወቱን ስወለውል።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ያ ሁሉ እዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር። አልቀረም። ቆሜ እበላለሁ። አባባ «ኧረ ተቀመጪ ልጄ» ሲሉኝ የመደቡ ጫፍ ላይ ቁጢጥ እላለሁ፤ ሲጠሩኝ ቶሎ እንድነሳ መሆኑ ነው። ገላዬን ልታጠብ ስል ማንን ላስፈቅድ ብዬ ዞር ዞር እላለሁ። ወለሉን በበረኪና ስለማጥብ አባባ አንድ ቀን አፍንጫቸውን በጋቢ ይዘው «ይሄ ቤት ሐኪም ቤት ሆነ እንዴ?» አሉኝ። ሰው ይመጣል፤ አረብ አገር እንዴት ነው ይሉኛል፣ ደህና ነው እላለሁ። ለቅሶ ሲጠሩኝ ነገ፣ ለክርስትና ሲጠሩኝ ነገ። በእኛ ሰፈር በር ቀን በቀን ገርበብ ብሎ እንደሚውል አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። ጎረቤቶቻችን ኮርታብናለች አሉ። አልኮራሁም እማ፤ ታፍኛለሁ። ስወጣ ልቤ ይመታል፣ ስገባ ትንፋሽ ያጥረኛል። እዚያ የዘጋችብኝን አውቃታለሁ፣ ስሟን እጠራለሁ። እዚህ ማንን ልክሰስ?

ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሚያዝያ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ሦስት ሰዓት ገደማ አባባ ፀሐይ እየሞቁ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነበር። ድንች ልገዛ ወጣሁ። ስወጣ የቆርቆሮውን በር ሳብ አድርጌ በጓጉንቸር ከውጭ ቆለፍኩት። ሆን ብዬ አይደለም፤ ሳላስበውም አይደለም። ሌባ እንዳይገባባቸው ያልኩ ይመስለኛል። እውነቱን ልንገርሽ ካልሽ፣ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ሰው ከቤት ወጣ የሚባለው የቁልፍ ድምፅ ሲሰማ ነው።

ከዚያ የሆነውን አትጠይቂኝ። ቁልፉ እጄ ውስጥ ነበረ፣ ደረቴም ለቀቀኝ። ገበያውን አልፌ ሄድኩ። በገሳይ መንገድ፣ የጉና ተራራ ፊት ለፊት እስከሚታይበት ድረስ በእግሬ ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የገብስ ማሳውን አየሁ፣ በበቅሎ የሚያልፈውን ሰው አየሁ፣ ማንም ነይ አላለኝም። ከመጣሁ ወዲህ እፎይ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ድንቼን ገዝቼ ስመለስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ገበያው ዳር አንዲት ሴት «አያ ዓለሙን ቀብረን መምጣታችን ነው፤ አባትሽ ወዴት ሄዱ?» አለችኝ።

አያ ዓለሙ፣ እማ። አንቺ በተቀበርሽ ቀን የአባባን ክንድ ይዘው እስከ ጉድጓዱ ያደረሷቸው አያ ዓለሙ። ጥሩምባው የተነፋው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። አባባ ሰምተው ተነሱ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቀዘቁ፣ በሩን ሳቡት፣ እንቢ አለ።

የእድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸውና የእድሩ ሰዎች ሊጠሯቸው መጥተው አንኳኩ። ጓጉንቸሩን ከውጭ ሲያዩ የሉም ብለው ሄዱ። አባባ ከቆርቆሮው ወዲህ፣ ከእነሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆመው ነበር። አንዲት ቃል አላወጡም። ቢጣሩ ኖሮ ጓጉንቸሩ ይሰበር ነበር፤ ግን ልጅቱ አባቷን ቆልፋባቸው ሄደች ተብሎ ይወራ ነበር።

ሮጬ መጥቼ ስከፍት በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ቀና ብለው አዩኝና «ገበያው እንዴት ዋለ?» አሉኝ። ቢሰድቡኝ፣ በከዘራው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ድንቹ ከእጄ ወድቆ ግቢው ውስጥ ተበተነ፤ እሳቸው ናቸው ጎንበስ ብለው የለቀሙት።

አባባ ለእድሩ ሰዎች «ከልጄ ጋር ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ነበር» አሏቸው። ይህች ውሸት ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዛ መጣች። ዳኛ ራቅ ብሎ ሲሄድ ሰው ወክሎ ይሂድ የሚለውን ደንብ ያወጡት ራሳቸው አባባ ናቸው። ስንቱን ከቀብር ቀረህ ብለው በስብሰባ ፊት እንዳቆሙት አንቺም ታስታውሻለሽ፤ የገዛ ወንድምሽን ሲቀጡት ሁለት ቀን አኩርፈሻቸው ነበር። እና በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስተው ደንቤን የጣስኩ እኔ ነኝ፣ ዳኝነቱን ለሌላ ስጡልኝ ብለው ወረዱ። ይህን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ሰው ደግሞ ወሬ አያጣም፤ ልጃቸው ከአረብ አገር ስትመጣ ጓደኛቸውን ረሱ ተባለ። የአያ ዓለሙ ባለቤት እትዬ ጥሩ፣ መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አባባ እራት እየቀነሱ፣ ከግቢ መውጣት እየተዉ መጡ። አንድ ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ እሳቸው ውስጥ ተቀምጠው ደጁን ሲያዩ አየኋቸው። አቀማመጣቸው የእኔ ነበር።

የአባባን ስም ለመመለስ የእኔን ውሸት ማፍረስ ነበረብኝ። አንድ ወር ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ምቾት ላይ ነበረች ሲሉኝ የሚያኮራኝ ነገር ነበረ፤ ሌላ ይዤ የመጣሁት የለማ። ሰኔ ላይ ስብሰባ ሲጠራ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ አባባ ጥግ ይዘዋል። ቆምኩና ስሙኝማ አልኩ። አባባ የትም አልሄዱም፣ ቤት ነበሩ፣ የቆለፍኩባቸው እኔ ነኝ አልኩ። ለምን ብትሉኝ ዘጠኝ ዓመት እንዲያ ተቆልፎብኝ ስለኖርኩ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ባሕሩ ዳርቻም አልሄድኩም አልኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላውቅም፣ እያለቀስኩ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ጥሩ ናቸው። ወደ አባባ ዞረው «ከበሩ ወዲያ ሆነው አለቀሱለት?» ብለው ጠየቁ። አባባ በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ ቀብረውታል» አሉ እትዬ ጥሩ። ዳኝነቱንም ይያዙ ተባሉ፤ አባባ ግን ለከርሞ ይሁን አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ አባባ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙና «እናትሽ ታውቅ ነበር» አሉኝ። ምኑን ስላቸው «መዘጋትሽን» አሉ። ስልኩን አውርተን ስንጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትያቸው ነበር አሉ። ይች ልጅ ስለ ባሕሩ ትነግረኛለች፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ትነግረኛለች፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ግን አንድ ቀን ዝናብ መታኝ አላለችም፣ ፀሐይ አቃጠለኝ አላለችም፤ ደጅ የምትወጣ ልጅ እንዲህ ናት እንዴ? ትያቸው ነበር። ታዲያ ለምን አልጠየቀችኝም ብዬ እየጮህኩ ነበር መሰለኝ። አባባ «ያንን ውሸት ምርኩዝ አድርገሽው ነበር፤ ብነጥቃት በምን ትቆማለች ብላ ፈራች» አሉኝ።

እማ፣ እኔ አንቺን እያታለልኩ ደስ አሰኘኋት ስል፣ አንቺ እየሰማሽ ትታለይልኝ ነበር። ስልኩን ዘግተሽ ምን ትሆኚ እንደነበር አሁን ማሰብ አልችልም።

ሁሉ ነገር ተፈታ ብዬ አልዋሽሽም፤ ከእንግዲህ አልዋሽሽም። የሺ አሁንም ቤቱን ጥላ የት ትሄዳለች ትላለች። ይታያል በእድር ፊት ጉድሽን ማውጣትሽ ምን ይባላል ብሎ አኩርፎኛል። ጓጉንቸሩን ለጎረቤት ሰጥቼዋለሁ፤ እጄ ግን አሁንም በሩ ላይ ስደርስ ቁልፍ ይፈልጋል። እዚህ መኖር እንደምችል አላውቅም፣ ወዴት እንደምሄድም አላውቅም።

እንደማልረሳሽ ግን እነግርሻለሁ፤ እንዴት እንደማልረሳሽም እነግርሻለሁ። በየቀኑ ከደጅ ወጥቼ የዋልኩበትን ሰማይ አወራሻለሁ። ዛሬ ሐምሌ ነው። ከሰዓት በኋላ በጉና በኩል ጠቆረ፣ ነጎደ፣ ሴቶቹ ስጥ እያነሱ ሮጡ። እኔ ወደ ውስጥ አልሮጥኩም። እስከ ዋናው መንገድ ወረድኩ፣ ከገበያተኛው መሀል ቆምኩ።

ዝናብ መታኝ፣ እማ። እስከ ውስጥ ልብሴ በስብሻለሁ።

ልጅሽ ብርቄ