እማ ለሚና የነገረቻት

ሰኔ 3
ምሽጉ ግቢ ውስጥ ሣር ሳጭድ ዋልኩ። ከምሥራቁ ግንብ አንድ ድንጋይ ደግሞ ባሕሩ ውስጥ ወድቋል። ከአምቦን ከተማ ሁለት ጎብኚዎች መጡ። እንደወትሮው አወራሁላቸው... ሆላንዶች ለቅርንፉድ ንግድ ብለው እንደሠሩት፣ ጥለውት እንደሄዱ፣ በጦርነቱ ጊዜ ጃፓኖች እስር ቤት እንዳደረጉት።
«ከታሰሩት የምታውቂው አለ?» አለኝ አንዱ።
አያቴ። እዚያ መሞቱን ብቻ ነው የማውቀው። እማ አውርታልኝ አታውቅም። ስጠይቃት ትነሳና ትሄዳለች።
ነገ እህቴ ሚና ከዩኒቨርሲቲ ትመጣለች።

ሰኔ 4
መጣች። የሳጎ ዘንባባ ዱቄት ገንፎ በዓሣ መረቅ ሠራሁ። እማ ትልቁን ዓሣ አንስታ ለማን ሰጠች? ይኼ መጻፍ አለበት?
የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ምሽጉ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የጠረግኩት እኔ፣ የምትጽፈው እሷ!
«እትዬ፣ ታስጎበኚኛለሽ አይደል?»
«መንገዱ ጠፋሽ እንዴ?»
ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሰኔ 7
ከገበያ ስመለስ የእማ ድምፅ በር ላይ አቆመኝ። መቅረጫው መሐላቸው ተቀምጧል።
«ስምንት ዓመቴ ነበር። ለአባቴ ምግብ የማቀብለው በውኃ መውረጃው ቀዳዳ ነው። እጁን ብቻ ነበር የማየው...»
አየችኝ።
«ቀጥይ እንጂ» አልኳት።
«ዓሣ አገኘሽ?» አለችኝ።
አርባ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ! እግሯን የማሸው እኔ፣ የማበላት እኔ። ሚና በሦስት ቀን...

ሰኔ 8
ካሴቱን ወሰድኩት። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሰኔ 9
ሚና ቤቱን ገለበጠችው። ጀልባዋ የሚነሳው ነገ ነው።
«እትዬ፣ አላየሽም?»
«አላየሁም።» እንዴት ቀለል ብሎ ወጣ ከአፌ!
የጎረቤት ቴፕ ተውሼ ምሽጉ ውስጥ አዳመጥኩት። አንድ ቀን እማ በጣም ርቧት ነበር። የአባቷን ምግብ መንገድ ላይ በላችው። ባዶ እጇን መጥታ «ነገ አመጣልሃለሁ» አለችው። «እሺ፣ የኔ ቆንጆ» አላት። በማግስቱ ስትመጣ እጁ በቀዳዳው አልወጣም።
ከዚያ ሚና ትጠይቃታለች፤ «ለእትዬ ለምን አልነገርሻትም?»
እማ መለሰችላት፤ «አንቺ ትሄጃለሽ። እሷ ግን በየቀኑ ታበላኛለች። ይኼን ካወቀች በኋላ ከእጇ እንዴት እበላለሁ?»
ሁለት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ስቀናበት የኖርኩት ነገር ይኼ ነው?

ሰኔ 10
ወደብ ላይ ካሴቱን ሰጠኋት።
«እኔ ነኝ የወሰድኩት።»
«ቀንተሽ ነው?»
«አዎ።»
«ትናንት ሳለቅስ እያየሽኝ?»
ሳትስመኝ ጀልባው ላይ ወጣች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 14
አራት ቀን ፈራሁ። ዛሬ የእማን ምሳ አቅርቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።
«ካሴቱን ሰምቼዋለሁ።»
እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ቀና ብላ አላየችኝም።
«ስምንት ዓመትሽ ነበር እኮ፣ እማ።»
«እሱም እርቦት ነበር» አለች።
አዎ። እርቦት ነበር። «አልራበውም» እንዴት እላታለሁ? ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩት።
«ብዪ» አልኳት።
አንድ ጉርሻ አነሳች... ከዚያ በላች። እንባዋ እየወረደ፣ ሳትጠርገው፣ እስከ መጨረሻው በላች። ይኼን ሚና አላየችም። እኔ ነኝ ያየሁት። አሁንም ይኼን መቁጠሬ አይገርምም?
ሳህኑን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ።
«ጨው አንሶታል» አለችኝ።