የጀይላን ዋስ

ቀወት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ አስፋው
የቆላው አርበኞች አዝማችና ዳኛ

ጉዳዩ፦ የሞት ፍርድ ለተጠየቀበት ለጀይላን ዋስ ሆኜ እንድቆም ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

፩. እኔ አመልካች ሐጂራ፣ ባለፈው ሳምንት አርበኛው ጀይላን ከግራዝማች አየለ ቤት ከነልጄ በጠመንጃ ያስወጣኝ ባሪያ ነኝ። ግራዝማች ልጄን ፋዲላን ለሙሽራይቱ ልጃቸው ገረድ አድርገው ሊሰጡ ቀን ቆርጠው ነበር። ጀይላን ሽማግሌ ላከባቸው፤ እምቢ አሉ። በሩን ሰብሮ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዘበኛው ፀጋዬ እግሩን መቁሰሉን አልክድም፤ ቁስሉን የማጥበው እኔው ነኝ።

፪. ግራዝማች «ባሪያ ነፃ የሚያወጣ የጣሊያን ባንዳ ነው» ብለው ከሰውታል። ይህ ነገር አንጀቴን አቃጥሎታል። ጣሊያን ነፃ ናችሁ ብሎ ያወጀላቸውን ባሮች ጣርማ በር ላይ ለመንገድ ሥራ በግዴታ ድንጋይ ሲያስፈልጣቸው፣ ተኩሶ ያስመለጣቸው ማን ሆነና ነው? ጀይላን ይህን ሥራ የጀመረው ጣሊያን ሳይመጣ ነው። ነጋዴው አባቱ እሱን ያሳደገችውን ሞግዚት ወደ በረሃ በሸጧት ጊዜ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ባሪያ ነጋዴ የሮቢን ወንዝ በሰላም ተሻግሮ አያውቅም። ቁጡ ነው፣ ምክር አይሰማም፣ እኔም እፈራዋለሁ። ባንዳ ግን አይደለም።

፫. አሁን የጀይላን ሰዎች ከወንዙ ማዶ፣ የግራዝማች ሰዎች ከወዲህ ሆነው ጠመንጃ ደግነው ተፋጠዋል። ትናንት ጣሊያንን አብረው የተዋጉ ናቸው። በፊታችን ቅዳሜ ችሎት ተፈርዶበት ጀይላን ከተገደለ ወንድም ከወንድሙ ይተላለቃል፤ ጣሊያንም ሸዋ ሮቢት ቁጭ ብሎ ያያል።

፬. ባለፈው ችሎት ጀይላን ዋስ ጥራ ሲባል እኔ ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በአገራችን ልማድ ባሪያ ዋስ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ጌታ ያለው ሰው በራሱ አያዝምና። እርስዎ ግን አልሳቁም፤ አይቻለሁ። ይህን ማመልከቻ ያስጻፍኩትም ስለዚሁ ነው።

፭. ስለዚህ የምለምነው፣ ጀይላን ለዘበኛው ካሣ ክሶ በእኔ ዋስነት እንዲለቀቅ ነው። ቢጠፋ በእርሱ ፈንታ እኔ ልሙት። ዋስነቴን ከተቀበሉ ነፃ ሰው ነሽ ብለው ፈረዱ ማለት ነው፤ ጀይላንም ከዚያ ቤት ያወጣው ሰው እንጂ ንብረት አይደለም። ባሪያ ነሽ ካሉኝ ደግሞ ግራዝማች እኔንና ፋዲላን እዚያው ችሎቱ ፊት አስረው ይውሰዱን። ለነፃነት ነው የምንዋጋው የሚሉት አርበኞች ሁሉ ቆመው ይዩ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

ሐጂራ

የአባቴን ስም ስለማላውቅ በቦታው አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ።