የዘይነብ ስፌት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ሙዚየም ሄጄ ነበር፤ ሚስቴ ዘይነብ የሰፋችውን ስፌት ለማየት። በሞተች በአርባ ቀኗ፣ ግድግዳው ላይ ማየቱ አላስቀምጥ ስላለኝ በገዛ እጄ ወስጄ የሰጠሁት ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። ሰሞኑን ደግሞ ናፈቀኝ።

ክፍሉ ዙሪያውን ስፌት ተሰቅሎበታል። አንዱ ፊት ቆሜ ዱዓ አደረግኩ። አለቀስኩም።

አስጎብኚዋ መጥታ፣ «ምነው አባባ?» አለችኝ።

«የባለቤቴ የዘይነብ እጅ ነው» አልኳት።

ስፌቱን ገልብጣ ከጀርባው የተለጠፈውን ስም አነበበች። «ይሄ እንኳ የሌላ ሴት ነው። የእሳቸው ያ ከበሩ በላይ ያለው ነው» አለች። ማፈሬን ስታይ፣ «አይዞዎት፣ ወንድ መች ስፌት ያያል? የኔም ባል የሚያየው እላዩ ላይ ያለውን ምግብ ነው» ብላ ሳቀች። እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

የዘይነብን ቀና ብዬ ብዙ አየሁት። ምንም አላስታወሰኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከራስጌዬ ተሰቅሎ የኖረ ስፌት ነው። ከአሱር ሶላት በኋላ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ስትሰፋው፣ «የቱ ቀለም ይሻላል?» ትለኝ ነበር። ዓይኔን ሳላነሳ፣ «ሁሉም ያምራል» እላት ነበር።

መግሪብን ሰገድኩ፤ ልቤ ግን አልተሰበሰበም። እስከ ዛሬ የኖርኩት በአኺራ እንገናኛለን እያልኩ ነው። ያ ረቢ፣ ፍጡር ሁሉ በሚቆምበት በዚያ ቀን፣ ሌላ ሴት ፊት ቆሜ «ዘይነብ» ብላትስ?