ላልሠራሁት ጥፋት ለተደረገልኝ ይቅርታ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ በተለይ ወላጅ እናትዎ፣ ተሽሏቸው ይሆን? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ ሥር የሚኖር ሰው ጤናው ሲጠየቅ ከልብ መሆን እንዳለበት ሥራዬ አስተምሮኛል፤ ስለዚህ አላህ ከራስ ምታት ጀምሮ ከሁሉም ይሰውርዎ፣ አሚን።

እኔ ሲስተር ራዚያ ባድሩ እባላለሁ። ከሐይቅ ወደ አምባሰል በሚወስደው መንገድ ባለችው ጤና ጣቢያ በነርስነት ሳገለግል ፀጉሬ ከሻሼ ሥር የሸበተ ሴት ነኝ። ዘንድሮ፣ የእድሜዬን ነገር ወደ ጎን ትቼ፣ የሕክምና ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ተፈትኜ አለፍኩ። ምዝገባው የፊታችን ዓርብ ይዘጋል፤ ኮሌጁ ቦታዬን ለከርሞ አያቆይልኝም፤ ያለ እርስዎ የትምህርት ፈቃድም አይመዘግበኝም። እርስዎ ደግሞ ፈቃዱን እንደማይሰጡኝ ስለማውቅ ይህን የምጽፈው ለውጥ አመጣለሁ ብዬ አይደለም። ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ብቻ ነው።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ልማድ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ማመልከቻዬን በክብር ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። ከጠረጴዛዎ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎ ሥር፣ ነፋስ እንዳይወስደው ተደርጎ ተቀምጦ በመጣሁ ቁጥር አይቼዋለሁ። በዚህ ዕድሜሽ ከልጆች ጋር ወንበር ስትሻሚ አታፍሪም ወይ ብለው ስለ እፍረቴ መጨነቅዎም አባታዊ ነው፤ በዕድሜ ታናሼ ባይሆኑ ኖሮ ይበልጥ ያምርብዎት ነበር።

፪ኛ፦ ይቅርታ ስላደረጉልኝ አመሰግናለሁ። ይህ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ሲገባ የሚያነበው ሰው ነገሩን እንዲረዳው ከሥሩ ልንገረው። ሲስተር ትምህርት ቤት ልትገባ ነው የሚል ወሬ በአገሩ ተሰማ። በእኛ ቀዬ በዚህ ዕድሜ ደብተር የያዘ ሰው ታይቶ ስለማይታወቅ፣ ሰዉ ነገሩን በራሱ መንገድ ፈታው፦ ምን ብታጠፋ ነው እንደገና ተማሪ የሚያደርጓት፣ መርፌ አሳስታ ወግታ ይሆን እንዴ፣ ተባለ። ወሬው ገበያ ወርዶ እስኪመለስ እኔ ጥፋተኛ፣ ኮሌጁ ደግሞ ቅጣቴ ሆኖ አረፈው።

የወሎ ሰው ደግሞ ወገኑ ሲቀጣ ቆሞ አያይም። ሸህ ኸሚስና ቄስ ሽታው ሽማግሌዎቹን አስከትለው፣ የሰፈራችን አዛውንት እማ ሀውራም ዱዓ የሚያደርጉትን እናቶች ይዘው፣ ደም ያለበት ሰው እንደሚያደርገው ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ከቢሮዎ ደጃፍ ተንበረከኩ። ልጃችንን ማሩልን፣ ብታጠፋም የእኛው ናት አሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ሕፃናት እየከተብኩ ነበር።

ክቡር ኃላፊ፣ አንድ ቃል ይበቃ ነበር እኮ! አልተቀጣችም፣ ሐኪም ልትሆን ነው ቢሏቸው ኖሮ ድንጋዩን እዚያው ጥለው እልል እያሉ ይመለሱ ነበር። እርስዎ ግን የሕዝብን ጥያቄ የሚያከብሩ ሰው ነዎትና ከወንበርዎ ተነሥተው፣ ድንጋዩን ከሸህ ኸሚስ ጫንቃ በገዛ እጅዎ አውርደው፣ ይቅር ብያታለሁ፣ ከእንግዲህ የትም አትሄድም አሏቸው። ምሕረትዎ እንዲህ የቀረበ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ አንድ ነገር አጠፋ ነበር።

፫ኛ፦ ስለ ሰደቃውም አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱ እርስዎ ነዎትና። በነጋታው ሙክት ታረደ፣ ለእነ ቄስ ሽታውም ለብቻው የጾም ወጥ ተሠራ። ነገሩን የሰማሁት እዚያ ነው። እማ ሀውራ ሲያጎርሱኝ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ ሴቶቹም የደስታ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት። ኋላ እማ ሀውራን ለብቻቸው ይዤ እውነቱን ነገርኳቸው። ውይ ልጄ፣ በገዛ እጃችን አሰርንሽ በይኛ፣ አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቆይተው ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ ግን አንቺ ስትሄጂ እኛን ለማን ጥለሽ ነው አሉኝ። ለእኔ ብለው ድንጋይ የተሸከሙ እናት ላይ እንዴት ልቆጣ? እርስዎ ላይ ለመቆጣት ደግሞ አቅሙ የለኝም።

፬ኛ፦ ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ ብለው አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ሳይጠየቁ መመለስ ነውር ነው፤ ይሁን፣ ነውረኛ ልሁን። ዑምኩልሱም የምትባል ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ የመጣች ወላድ ነበረች። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ፤ አለቀብኝ። ወደ ደሴ ይዣት ስወርድ መኪናው ውስጥ እጄን ጨብጣ፣ ሲስተር ምን ሆኜ ነው አለችኝ። አላወቅኩም። ያንን የሚያውቀው ሰው ያለው ደሴ ነበር፤ እሷ ግን ደሴን ሳታይ መንገድ ላይ ቀረች። ያን አለማወቅ ተሸክሜ ጡረታ መውጣት አልፈልግም። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ይቅር ማለት ካለብዎት ይህን ይቅር ይበሉኝ።

ዓርብ ሰው ሁሉ ከጁምዓ ሲመለስ ምዝገባው ይዘጋል። እኔም በትእዛዝዎ መሠረት እርጉዞችን እያየሁ እውላለሁ፤ እማ ሀውራም አለመሄዴን ለማረጋገጥ በመስኮት ብቅ ማለታቸው አይቀርም። እሳቸውን ሳይ ፈገግ እላለሁ።

ጥፋቷ ሳይታወቅ ምሕረትዎ የደረሳት፣ ከሥራ ገበታዋ ንቅንቅ የማትለው፣

ሲስተር ራዚያ ባድሩ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሰኞ እናትዎን ይዘው መጥተው ወደ ደሴ ሪፈር ስጽፍልዎ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ ባለበት አገር እንዴት አንድ ሐኪም ይጠፋል ብለው ኮሪደሩ ላይ መጮኽዎ ይታወሳል። ያኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልመለስኩልዎትም። እናትዎን አላህ ያሽርልን፤ ለጥያቄዎ ግን ሻይዎን ጠጥተው ሲጨርሱ ብርጭቆውን አንሥተው ሥሩን ይመልከቱ።